የሩጫው ገንዘብ የት ይደርሳል? ከበቆጂ እስከ ቦስተን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አትሌቶቻችን ገንዘብ በየሻይ ቤቱ የሚነሱትን ጥያቄዎች ከቀላሉ እስከ ከባዱ እንያቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቆጂ የት ናት? ስሟስ ለምን እንዲህ ይነሳል?

በቆጂ አርሲ ውስጥ፣ ከአሰላ በስተደቡብ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። ዙሪያዋ ገብስና ስንዴ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ገንዘቤ ዲባባ ከዚችው ከተማና ከአካባቢዋ ነው የወጡት። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች።

ብዙ ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከፍታማ ከተማማ አገሩ ሞልቷል። በቆጂን የለያት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። በማለዳ ልጆቹን ሰብስበው ወደ ባሕር ዛፉ ጫካና ወደ አፈር ሜዳው ያወጧቸው ነበር። በኋላ ዓለም ያወቃቸው ሯጮች በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አንድ አትሌት ገንዘብ የሚያገኘው ከየት ከየት ነው?

ከአራት ቦታ ነው። አንደኛው የውድድር ሽልማት ነው። የቦስተን ማራቶን አሸናፊ 150 ሺህ ዶላር ያገኛል፤ ለወንድም ለሴትም እኩል ነው። የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ 70 ሺህ ዶላር ያስገኛል። ኦሊምፒክ ላይ ግን ለረጅም ዘመን የሽልማት ገንዘብ አልነበረም። የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ ለወርቅ አሸናፊዎች 50 ሺህ ዶላር መክፈል የጀመረው በ2024 ፓሪስ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ስም ላለው ሯጭ መነሻው መስመር ላይ ስለቆመ ብቻ የሚከፈለው ነው። ይህ በየግል ድርድሩ ስለሚወሰን አደባባይ አይወጣም። ሦስተኛው የጫማና የትጥቅ ኩባንያ ውል ነው። አራተኛው የክለብ ደሞዝ ነው።

ሽልማቱ በአዘጋጁ ኪስ ልክ ይወጣል ይወርዳል። የዱባይ ማራቶን በ2008 ለአሸናፊው 250 ሺህ ዶላር ሲሰጥ ወሳጁ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነበር። ዛሬ ሽልማቱ ከዚያ በብዙ ቀንሷል። ኢትዮጵያውያን ግን አሁንም እየተፈራረቁ ያሸንፉበታል። እዚያ ሠርተው የሚያድሩ ወገኖቻችንም በማለዳ ባንዲራ ለብሰው መንገዱን ይሞሉታል። ያንን ጩኸት ሰምቶ ፍጥነት የማይጨምር ሯጭ ያለ አይመስለኝም።

150 ሺህ ዶላር ያሸነፈ ሰው እጁ ላይ ስንት ይገባል?

ቦስተንን እንውሰድ። የአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ከውጭ አገር አትሌት ሽልማት ላይ በተለምዶ 30 በመቶ ከምንጩ ይቆርጣል። 45 ሺህ ሄደ። ማናጀሩ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል። 22,500 ሄደ። 82,500 ቀረ። የግዛቱ ግብርና የአሰልጣኙ ድርሻ ገና አልተነካም።

ገንዘቡም ወዲያው አይመጣም። የዶፒንግ ምርመራው ውጤት መታወቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ክፍያው የሚለቀቀው። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ዘመድ ግን ውድድሩን በቴሌቪዥን ያየው ሰኞ ዕለት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ይጮኻል። አንዱ የልጁን ሕክምና፣ ሌላው የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ሌላው ለዕድር ይላል። አትሌቱ «ገና አልደረሰኝም» ሲል የሚያምነው የለም።

ያም ሆኖ የቀረው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በተለይ ሐምሌ 2024 መጨረሻ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያው ዶላር በብር ሲቆጠር በጣም አብጧል። አንድ ጥሩ ማራቶን አንድ ቤተሰብን ከገጠር አውጥቶ የከተማ ቤት ባለቤት ማድረግ ይችላል።

ማናጀር የግድ ያስፈልጋል?

ለትልልቅ ውድድሮች፣ አዎ። የውድድር አዘጋጆች ቦታ የሚሰጡት በማናጀር በኩል ነው። ቪዛው፣ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ ሆቴሉ፣ ከጫማ ኩባንያው ጋር የሚደረገው ድርድር ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። አብዛኞቹ ማናጀሮች አውሮፓ ውስጥ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ አዲስ አበባ ላይ አሰልጣኝና ተወካይ አላቸው።

ችግሩ ውሉ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ፈራሚው የ19 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ከዚያ በፊት ፈርሞ የሚያውቀው የክፍል ፈተና ወረቀት ብቻ ነው። ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ብጎዳ ምን ይሆናል? መቶኛው የሚቆረጠው ከሽልማቱ ብቻ ነው ወይስ ከጫማ ውሉም ጭምር? እነዚህን ሳያውቁ መፈረም የለም። እንግሊዝኛ የሚያነብ የታመነ ሰው፣ ቢቻል ጠበቃ፣ አብሮ ይቀመጥ።

የማያሸንፉትስ በምን ይኖራሉ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ዋናው ጥያቄ ግን እሱ ነው። በማለዳ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ሄዳችሁ ቁሙ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ሯጮች በአንድ መስመር ተከታትለው ይመጣሉ። ከፊት ያለው በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። የኋላዎቹ እግሩን እግሩን እያዩ ይከተላሉ። ከመሐላቸው አንድ ሁለቱ በቴሌቪዥን የምናውቃቸው ናቸው። ሌሎቹን ማንም አያውቃቸውም። ፍጥነታቸው ግን ያው ነው፤ ቢለያይም በትንሽ።

እነዚህን የሚያኖራቸው ክለብ ነው። ንግድ ባንክ፣ መከላከያ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ መብራት ኃይል፣ ሙገር ሲሚንቶ በየዘመኑ ሯጮችን በደሞዝ ይዘዋል። ክለብ ያልገባው ደግሞ ሁለት ሦስት ሆኖ አንድ ክፍል ይከራያል፤ ቤተሰብ ከሚልክለት እህልና ከጓደኛ ብድር ጋር ይታገላል። አንዳንዱ አሯሯጭ ይሆናል። ማራቶኑን እስከ 25 ወይም 30ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ በታዘዘው ፍጥነት ይመራና ይወጣል፤ ለዚህም ይከፈለዋል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ቪዛ ከተገኘ።

ፉክክሩ ምን ያህል እንደሆነ ፓሪስ 2024 ያሳያል። አንድ አገር በኦሊምፒክ ማራቶን ማሰለፍ የሚችለው 3 ወንድና 3 ሴት ብቻ ነው። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ገባና በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ከምርጫው ውጪ የነበረ ሰው ነው እንግዲህ። ከታምራት ኋላ የቆሙት እነማን እንደሆኑ አስቡት።

ያሸነፉት ገንዘቡን ወደ አገር ይመልሱታል?

ብዙዎቹ ይመልሱታል፤ በተለይ በሕንፃና በሆቴል። ኃይሌ በ2010 ሐዋሳ ላይ ሪዞርት ከፈተ፤ ከዚያ በሌሎች ከተሞችም ቀጠለ። ቡና እርሻ ገባ፣ የመኪና መገጣጠሚያ ገባ። ቀነኒሳ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል፣ ሱሉልታ ላይ መም ያለው የልምምድ ማዕከል ሠራ። የቤት ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ አስተናጋጅ፣ ግንበኛ ሁሉ ከዚህ እንጀራ ይበላል። ዛሬ ሱሉልታ ውስጥ ከአውሮፓና ከአሜሪካ መጥተው ለሳምንታት የሚሠለጥኑ ፈረንጆች ማየት ብርቅ አይደለም።

በእኔ ግምት ከሆቴሎቹ ሁሉ በላይ ሰው የነካው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። በ2001 ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ሮጠ፤ አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል። የቲሸርት ሰፊው፣ ሙዚቀኛው፣ መንገድ ዳር ውሃ የሚሸጠው ልጅ ሁሉ ድርሻ አለው። ለወጣት ሯጮችም ማናጀር ፊት ለፊት የሚታዩበት ቀን ነው።

ይህ ሀብት ግን መሬት ላይ ያለ ሀብት ነው፤ የአካባቢው ሰላም ሲናጋ አብሮ ይናጋል። በ2020 ክረምት በተነሳው ሁከት ሻሸመኔና ባቱ ያሉት የኃይሌ ሆቴሎች ወድመዋል። በማግስቱ ሥራ ያጡት ኃይሌን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቁ ሩቅ ሰዎች አይደሉም። የዚያው ከተማ ልጆች ናቸው።

የጫማ ኩባንያዎቹ በቀጥታ ለበቆጂ የሚከፍሉት ነገር አለ?

በየትኛውም ደንብ ላይ የተጻፈ ግዴታ የለባቸውም። ኩባንያው የሚዋዋለው ከአትሌቱ ጋር ወይም ከብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ጋር ነው። ትጥቅ የሚለግሱ ሰዎችና ድርጅቶች በየጊዜው ይመጣሉ። ልገሳ ግን የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ዘንድሮ ኖሮ ከርሞ ይጠፋል።

እግር ኳስን ተመልከቱ። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች በክፍያ ከክለብ ወደ ክለብ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲዘዋወር፣ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። አንድ የሰፈር ክለብ ከዓመታት በፊት ባሠለጠነው ልጅ ምክንያት ገንዘብ ሊደርሰው ይችላል። በአትሌቲክስ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። አንዲት ልጅ በርሊን ላይ ስታሸንፍ አዘጋጁ፣ ጫማ ሠሪው፣ ማናጀሩና የአዲስ አበባው አሰልጣኝ ያተርፋሉ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለች በብርድ ቆሞ ሰዓት የያዘላት የገጠር መምህር ግን ስሙ የትም አይጻፍም።

እኔ ይህ መለወጥ አለበት ባይ ነኝ። ከትልልቆቹ ማራቶኖች ሽልማት ላይ ትንሽ መቶኛ፣ ወይም ከጫማ ውሉ ላይ በኩባንያው ወገን የሚታከል ክፍያ፣ ለመጀመሪያው አሰልጣኝና ለመጀመሪያው ሜዳ ቢሄድ ማንንም አያደኸይም። የበቆጂ ልጆች ዓለምን ያስደመሙት አፈር ሜዳ ላይ ሠልጥነው ነው። ይህን በኩራት መናገር ጥሩ ነው፤ ሜዳው አፈር ሆኖ እንዲቀር ምክንያት መሆን ግን የለበትም።

አዲሱ ውድ ጫማ ውድድሩን ቀይሮታል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። መስከረም 2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ እግሯ ላይ የነበረው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ ነበር። ለአንድ ማራቶን ታስቦ የተሠራ ነው። 500 ዶላር የአንድ አስተማሪ የብዙ ወር ደሞዝ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ከ2020 ጀምሮ የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ገድቧል። ዋጋውን የሚገድብ ግን የለም።

ውል ያለው ሯጭ ጫማው በነፃ ይመጣለታል። ውል የሌለው ደግሞ ሰልባጅ ተራ ሄዶ የተለበሰ ይፈልጋል፣ ወይም ጓደኛው የጣለውን ይቀበላል። የማጣሪያ ውድድር ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሰዓቱ ሲነበብ የጫማው ልዩነት አይነበብም።

ጫማው የሚሠራው በአብዛኛው ቬትናም፣ ኢንዶኔዥያና ቻይና ነው። እኛ ጋ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲከፈት ለዓለም ገበያ ልብስ መስፋት ተጀምሮ ነበር። በጦርነቱ ሰሞን፣ በ2021 መጨረሻ፣ ትልቁ የአሜሪካ ገዢ ፒቪኤች ወጣ። ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመሸጥ ዕድል፣ ተሰረዘች። በብዛት ከሥራ የተፈናቀሉት ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የሯጮቹ እኩዮች ማለት ነው።

ልጄ ትምህርት አቋርጦ ሯጭ መሆን ይፈልጋል። ልፍቀድ?

አይፍቀዱ። መሮጡን ግን አይከልክሉ። ልምምድ የማለዳ ሥራ ነው፤ ከትምህርት ጋር ይሄዳል። በቆጂም ላይ ተሰጥኦ የተገኘው በትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ልጁ በዞንና በክልል ውድድር ውጤት ካሳየ ክለቦችና ማሰልጠኛዎች ራሳቸው ይፈልጉታል። አሰላ ያለውን የጥሩነሽ ዲባባ ማሰልጠኛ የመሰሉ ማዕከሎችም አሉ።

ከላይ ያልኩትን የእንግሊዝኛ ውል አስታውሱ። ፊደል ያልዘለቀው ሯጭ አሸንፎም ይዘረፋል። ጉዳትም አለ፤ አንድ የተበጠሰ ጅማት ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ሊያበቃው ይችላል። ያኔ ቢያንስ የ12ኛ ክፍል ወረቀት ይኑረው።

ሴት አትሌቶች በገንዘባቸው ያዛሉ?

አንዳንዶቹ አዎ፣ ብዙዎቹ በከፊል። ባል አሰልጣኝም፣ አደራዳሪም፣ የባንክ ደብተር ያዥም የሚሆንበት ቤት ጥቂት አይደለም። በቤተሰብ ሕጋችን በጋብቻ ዘመን የተገኘ ገቢ የጋራ ሀብት ነው። ያ ማለት ለባል ብቻ ማለት አይደለም። ቤቱና መሬቱ በሁለቱም ስም ይመዝገብ፤ አካውንቱን እሷም ትፈርምበት። ከጋብቻ በፊት ያፈራችውን ለይታ ማቆየት ከፈለገች በጋብቻ ውል ማስፈር ትችላለች።

ይህን የምለው ነገሩ ሕይወት ስለሚያስከፍል ነው። ጥቅምት 2021 ኬንያ፣ ኢቴን ውስጥ አግነስ ቲሮፕ በቤቷ ተገድላ ተገኘች፤ የተከሰሰው ባሏ ነው። ከፓሪስ ኦሊምፒክ ማግስት፣ በመስከረም 2024፣ ዩጋንዳዊቷ ሪቤካ ቼፕቴጌይ የቀድሞ ጓደኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ ካቃጠላት በኋላ ሞተች። በእሷና በእሱ መሐል፣ ኬንያ ውስጥ የገዛችው መሬት ጉዳይ ነበረበት። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲገባና መረጃው በአንድ ሰው እጅ ሲሆን አደጋው ይከፋል።

እርግዝናም የውል ጉዳይ ነው። ቀድሞ ያረገዘች ሯጭ ክፍያዋ ይቀነስባት ነበር። አሜሪካውያን ሴት አትሌቶች በ2019 አደባባይ ከወጡ በኋላ ናይኪ በእርግዝና ምክንያት ለ18 ወር እንደማይቀንስ በውል አስገባ። ሌላ ኩባንያ ጋ የምትፈርም ካለች ይህ አንቀጽ መኖሩን ትጠይቅ። ደራርቱ ልጇን በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቅ አጥልቃለች፤ መውለድ የሩጫ መጨረሻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ለሌላ አገር የሚሮጡት አገራቸውን ከድተዋል?

እንዲህ ብሎ በጅምላ መፍረድ ልክ አይመስለኝም። መንገዳቸው የተለያየ ነው። ሲፋን ሐሰን ከአዳማ በልጅነቷ ስደተኛ ሆና ወደ ኔዘርላንድ ሄደች፤ ሯጭ የሆነችው እዚያ ነው። በፓሪስ ማራቶን ትዕግሥት አሰፋን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ቀድማ ወርቅ ስትወስድ ብዙ ቤት ውስጥ ደስታና ንዴት ተቀላቅሎ ነበር። ማሩ ተፈሪ በ2023 ቡዳፔስት ላይ ለእስራኤል የማራቶን ብር ሲያመጣ፣ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በሰፊው ስማቸው የተነሳበት ቀን ነበር። የባሕሬኑ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ከአርሲ የሄዱ ሯጮች ዜግነት ያገኙት ለመሮጥ ነው። 3 ቦታ ብቻ ባለበት አገር አራተኛና አምስተኛ የሆነች ልጅ ስትሄድ፣ ለምን ሄደች ከማለት በፊት ምን ቀረላት ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ደላላ ግን ነበረበት፤ ታዳጊ ልጆችን እንደ ዕቃ ማሻገርም ነበር። ለዚህ ነው የዓለም አትሌቲክስ በ2017 ዝውውሩን ያገደው። በ2018 ሲከፍተው የ3 ዓመት መጠበቂያ አስገባ፤ ከ20 ዓመት በታች መዘዋወር ከለከለ፤ መቀየርም አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ።

ዶፒንግ የአንዱ ጥፋት ሆኖ ሳለ ሌላው ለምን ይቀጣል?

ኢትዮጵያ በዓለም አትሌቲክስ የዶፒንግ ስጋት ደረጃ «ሀ» ምድብ ውስጥ ከተቀመጡት አገሮች አንዷ ናት። በዚህ ምድብ ያለ አትሌት ለዓለም ሻምፒዮና ወይም ለኦሊምፒክ ለመመረጥ፣ ከውድድሩ በፊት ባሉት 10 ወራት ሳይነገረው ቢያንስ 3 ጊዜ መመርመር አለበት። ያልተመረመረ ንጹሕ ልጅ ሚኒማ (ለመግባት የሚጠየቀውን ሰዓት) ቢያሟላም ይቀራል። በምርመራው መዝገብ ላይ በስም የተመዘገቡት ደግሞ በየቀኑ የት እንደሚያድሩና ለአንድ ሰዓት የት እንደሚገኙ አስቀድመው ያሳውቃሉ። በ12 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ከታጡ እንደ ዶፒንግ ይቆጠራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት የገጠር ቤት ለበዓል የሄደ አትሌት ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም፤ ክለቡ ሊረዳው ይገባል።

እርግጥ ሆን ብሎ የሚወስድ አለ። ኢፒኦ የተባለውን ቀይ የደም ሴል የሚያበዛ የተከለከለ መድኃኒት የሚያስወጋ፣ «ቫይታሚን ነው» ብሎ የሚያታልል ሰው አለ። በኢትዮጵያ ዶፒንግ ከእገዳ አልፎ በወንጀልም ያስጠይቃል። የትዕግሥትን ሰዓት በ2024 ቺካጎ ላይ የሰበረችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በዓመቱ ለ3 ዓመት ታግዳለች። ሆኖም ብዙ ልጅ የሚጠፋው ባለማወቅ ነው። ለጉንፋን ከፋርማሲ የገዛው ኪኒን ወይም በክሊኒክ የተወጋው መርፌ የተከለከለ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ደንቡ ደግሞ «አላወቅኩም» ብሎ ነገር አይሰማም፤ ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው አትሌቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙም ፋርማሲስቱም ዘንድ የመጀመሪያው ቃል «አትሌት ነኝ» ይሁን፤ የመድኃኒቱ ማሸጊያም ከነደረሰኙ ይቀመጥ።